እህቴን ለእህትነት አትበቃም ላላችሁ

ለክብርት ዶክተር ብርሀንነሽ፣
የ«እንቁ እህቶች» የሴት ተማሪዎች ማኅበር የበላይ ጠባቂ፣
ባሉበት።

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጎረቤትዎ፣ ነጭ ሻሽ የሚያስሩት የማኅበርዎ ልጆች ሁሉ አማን ናቸው ወይ? እኛ በመካነ ሰላም፣ ጭጋጉ እስከ ደጃፋችን ቢወርድም፣ የደሴው መንገድ አንዱን ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ቢዘጋም፣ ስልኩም ሲያሻው እየሠራ ሲያሻው ቢተኛም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጤናዎን አስቀድሜ መጠየቄ ከአንገት በላይ እንዳይመስልብኝ አደራ፤ እኛ አገር የበደለውንም ሰው ቢሆን ደህንነቱን ሳይጠይቁ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው።

ስሜ ሰብሪያ ሷሊህ ይባላል። እርስዎ አያውቁኝም። ታናሽ እህቴን ሩፋይዳን ግን አንድ ቀን ቢሮዎ ድረስ መጥታ አነጋግረዋታል። ባያስታውሷት አልቀየምም፤ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ነው፣ ደጅዎን የሚረግጠውም ተማሪ ብዙ ነው፣ እሷም ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለአቤቱታ አይደለም። የአቤቱታው ጊዜ አልፏል፤ የሚመለስልንም ነገር የለም። የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ ሰው ሲሰማው ያምራል።

ምስጋናው በቅጡ እንዲገባዎ ሩፋይዳ ማን እንደነበረች በአጭሩ ልንገርዎ። አባታችን ሸህ ሷሊህ ቁርኣን ያቀራሉ። እናታችን ሩፋይዳ ጡት ሳትጥል ስላረፈች፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቴን ትቼ ሪያድ ሄድኩ፤ ለብዙ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ ወገቤን ታምሜ ተመለስኩ። ስሄድም ስመለስም አንድ ሐሳብ ነበረኝ፤ ይህቺ ልጅ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄድ። እሷም አላሳፈረችኝም። ሙሉሐረግ ከምትባለው የጎረቤታችን የአቶ ሙላው ልጅ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተማሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በመጣ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤቱ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁለቱም ከመካከላቸው ነበሩ። አቶ ሙላው ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ እየሮጡ እኛ ቤት ገብተው ከአባቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ምደባው ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ለእናንተው ዩኒቨርሲቲ ደረሳቸው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል የሙሉሐረግ እናት የሁለቱን እጅ አንድ ላይ ይዘው፣ «እዚያ እናት የላችሁም፤ አንዳችሁ ላንዳችሁ ሁኑ» አሏቸው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ውለታ ነው፤ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ. ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ትልልቅ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» ብለው ሻንጣቸውን ተቀበሏቸው። ሩፋይዳ በዚያው ዕለት ደውላ፣ «እትዬ፣ ሰዎቹ እንዴት ደጎች ናቸው መሰለሽ! እህት አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችኝ። በነጋታው ግን ደጎቹ ሰዎች ዶርም ለዶርም ዞረው አስረዷቸው። እህትነቱ ለሁሉም አይደለም፤ በምርጫ ነው። ለተመረጠች የማኅበሩ ዶርም አለ፤ የቀደሙት ተማሪዎች የተማሩበት ማስታወሻ አለ፤ የምታስጠናት ታላቅ አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሴቶቹ ዶርም ጓሮ ያለው ብቸኛው የሴቶች ማንበቢያ አዳራሽ አለ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሹን እንድታስተዳድሩት ለማኅበሩ ስለሰጠ፣ የማኅበሩን መታወቂያ ያልያዘች አትገባበትም። ያልተመረጠችስ? ብለው ቢጠይቁ፣ «ያልተመረጠች እንደምንም ትኖራለች» ተባሉ። እንግዳን ከደጅ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ቤት ከገባ በኋላ መቀመጫ ሊገኝልህም ላይገኝልህም ይችላል ማለት በእኛ በኩል ያልተለመደ የእንግዳ አያያዝ በመሆኑ፣ አዲስ ነገር ስላስተማራችሁን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፪ኛ. ስለ ሻይ ግብዣው። የምርጫው ሳምንት የተጀመረው በሻይ ነበር። ሩፋይዳ የእኔን አባያ አስጠብባ ለበሰች፤ ሙሉሐረግ ደግሞ ከዶርም ጓደኛዋ ቀሚስ ተዋሰች። በየጠረጴዛው ነባር እህቶች ተቀምጠዋል፤ አዲሶቹ እየዞሩ ይጠየቃሉ። በእነሱ ጠረጴዛ ላይ የነበረችው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ፈርሂያ ነበረች። ፈርሂያም እንደ ሩፋይዳ ሒጃብ ለባሽ ናት፤ ይህን የምጠቅሰው ነገሩን በሃይማኖት እንዳይተረጉሙብኝ ነው። ማኅበርዎ በዚህ በኩል ነቀፋ የለበትም፤ የሚንቀው ከየሃይማኖቱ እኩል ነው።

«ከየት ነሽ?» አለቻት።

«ከመካነ ሰላም።»

«እሱ ደግሞ የት ያለ ገዳም ነው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። ሩፋይዳም አብራቸው ሳቀች። መጀመሪያ አልከፋትም ነበር፤ ቀልድ ነው ብላ፣ የሸህ ልጅ ከገዳም መጣች መባሉ ራሷንም አስቆት ነበር።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ያቀራሉ።»

«ያቀራሉ ማለት?»

«ቁርኣን ያስተምራሉ።»

«እሺ። ታላቅ አለሽ?»

«እህት አለችኝ። ሪያድ ነበረች።»

«ኦ! ምን ትሠራ ነበር?»

«የሰው ቤት።»

ክብርት ሆይ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሳቅ በዚህ ጊዜ ቆመ ይባላል። አንዷ ስኒዋን አየች፤ አንዷ ስልኳን። ፈርሂያ «አመሰግናለሁ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ወደ ሙሉሐረግ ዞረች። ሙሉሐረግ በጠረጴዛው ሥር የሩፋይዳን እግር ረግጣ ይዛ ነበር። «አባቴ ነጋዴ ነው» አለች፤ አቶ ሙላው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጨው ስለሚሸጡ ፍጹም ውሸት አልነበረም። ሲወጡ ሙሉሐረግ ተቆጣች። «ቢዝነስ ነበራት ብትዪ ምን ነበረበት?» ስትላት፣ ሩፋይዳ፣ «ስለ እትዬ ለምን እዋሻለሁ? የበላሁት እኮ እሱን ነው» አለቻት። ይህን ከዓመት በኋላ ሙሉሐረግ ስትነግረኝ ኮራሁ ወይስ አዘንኩ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

፫ኛ. ስለ መድረኩ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዷ የምትችለውን ታሳይ ተባለ። ከተሜዎቹ ጨፈሩ፤ አንዷ ጊታር ይዛ ቀረበች። የእኔዋ ልጅነቷን ሙሉ በሸሆቹ ጉልበት ሥር ስትሰማው ያደገችውን መንዙማ አለች። እዚህ ሩፋይዳ መንዙማ ስትል አሮጊቶች እያጨበጨቡ ያለቅሳሉ። እዚያ ስልክ ወጣ። የተቀረጸው በማግስቱ በግቢው ሁሉ ተሰራጨ፤ «ገዳሟ» የሚል ስምም አብሮ ወጣላት። ለካፌ ስትሰለፍ ከኋላዋ የማታውቃቸው ልጆች ድምፃቸውን እያቀጠኑ ያዜሙባት ነበር። ክብርት ሆይ፣ የመንዙማ ባህላችንን ለማስተዋወቅ ስላደረጋችሁት ጥረት የወሎ ሕዝብ ባለውለታችሁ ነው። ሩፋይዳ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ሰርግ ላይ ስትለመን እንኳ «ጉሮሮዬን ያመኛል» ትላለች።

፬ኛ. ስለ ውጤቱ አነጋገር። የተመረጡት ዓርብ ከሰዓት በስልክ እንደሚጠሩ ተነገረ። ልጆቹ ዶርም ውስጥ፣ ስልካቸውን አልጋ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። የሙሉሐረግ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ዘለሉ፤ እንዲያውም እልል ያለችው ሩፋይዳ ነበረች። ከዚያ የእሷን ጠበቁ። ጠብቃ ጠብቃ ኔትወርክ ነው አለች። ስልኩን አጥፍታ አበራችው። መስኮት ላይ ወጥታ ያዘችው። በመጨረሻ ሙሉሐረግን፣ «እስቲ ደውዪልኝ» አለቻት። ሙሉሐረግ ከአጠገቧ ቆማ ደወለች። ስልኩ ጠራ።

ሁለቱም እስኪቋረጥ ድረስ አዩት።

መልእክቱ በነጋታው ገባ። ሩፋይዳ ቃል በቃል ነግራኛለች፤ «ውድ እህታችን፣ በዚህ ዓመት ቦታ ስላልተገኘልሽ እናዝናለን፤ እህትነታችን ግን ይቀጥላል።» እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነውና አረፍተ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ሞክሬ አልቻልኩም። አንድን ሰው በር ዘግተውበት ሲያበቁ፣ በሩ እንደተዘጋ ሳለ እህትነቱ በየት በኩል እንደሚቀጥል የተማሩት ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

፭ኛ. ስለ ሙሉሐረግ። ማኅበሩ ውስጥ አዲስ የገባች እህት በማኅበሩ ዶርም ታድራለች፤ ካፌም የምትቀመጠው ከእህቶቿ ጋር ብቻ ነው። ሙሉሐረግ አልሄድም ብላ አለቀሰች። ሻንጣዋን አስተካክላ ያስወጣቻት ሩፋይዳ ናት። «አብሽሪ፣ ሁለታችን ከምንቀር አንቺ ግቢ፤ ማስታወሻውን ታመጪልኛለሽ» አለቻት። መጀመሪያ አካባቢ አመጣች። በኋላ ማስታወሻ ለውጭ ሰው መስጠት እንደሚያስቀጣ ተነገራት። ቀጥሎ ሰላምታው በዓይን ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ ሙሉሐረግ ከነጭ ሻሾቹ ጋር ስታልፍ፣ አንዷ «ገዳሟን ታውቂያታለሽ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት «በዓይን» ብላ ስትመልስ ሩፋይዳ ሰማች። ልጅቷን አልወቅስም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ እሷም ዋና አትችልም። እዚህ ግን የሙሉሐረግ እናት እስከ አሁን ድረስ ባገኙኝ ቁጥር «ልጆቹ ተደጋገፉ?» ይሉኛል፤ እኔም «በጣም» እላለሁ። ውሸትን ያስተማረኝ ሪያድ አይደለም፤ የእናንተ ማኅበር ነው።

፮ኛ. ስለ ምክርዎ። ሩፋይዳ ማንበቢያ አዳራሹ ስለተዘጋባት ከግቢው ወዲያ ጫፍ ወዳለው ትልቁ ላይብረሪ መመላለስ ጀመረች። መንገዱ በአጥር ጥግ የሚያልፍ፣ መብራቱ የተሰበረ ነው። አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ እየተመለሰች ሳለ ልጆች መንገድ ዘጉባት። ቦርሳዋን ነጠቁ፤ ሻርፗን ጎትተው ጣሉ። ከዚያ በላይ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ጥበቃው «ያንን መንገድ ለብቻሽ ምን ወሰደሽ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ከዶርም መውጣት ተወች። ዶርሙ ደግሞ ጫጫታ ነው፤ ፈተናውም ደረሰ።

ቢሮዎ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። የሆነባትን አልነገረችዎትም፤ አፈረች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ፈተናው ድረስ አዳራሹ ውስጥ፣ በር አጠገብ፣ መሬትም ላይ ቢሆን ተቀምጣ እንድታነብ። እርስዎም በትሕትና ሰሟት። ሻይም አቀረቡላት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ቦታ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ታግለሽ የምታገኚው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በደንብ ተዘጋጅተሽ ተወዳደሪ» አሏት። እሷም «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ክብርት ሆይ፣ ንግግርዎ ያማረ ነው። ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢሰቀል ይገባዋል፤ በተለይ በአዳራሹ በር ላይ፣ ከውጭ በኩል።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቁም። የቀረው ምስጋና ቁጥር አይይዘውም።

ሩፋይዳ በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ተሰናበተች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ያገኘኋት እኔ ነበርኩ። ሻንጣዋን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም፤ እቅፍ አድርጋ ይዛው ቆመች። ለአባታችን «ትምህርቱ ከጤናዬ ጋር አልተስማማም» አለቻቸው። አባቴ፣ «ኸይር ነው፣ ልጄ። ሰው ካለ ሁሉ አለ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አንሥተው አያውቁም። ከጎረቤት ግን ማን ዝም ይላል? «ያቺ የሸሁ ልጅ ምነው ተመለሰች?» እያለ የሚመጣው በዛ። ሩፋይዳ ገበያ መሄድ ተወች። ሰው ሲገባ ጓዳ ትገባለች። ክረምቱን እንዲሁ አሳለፈች። መስከረም ሲጠባ ፓስፖርት እንዳወጣች ነገረችኝ።

ያን ቀን የተነጋገርነውን ልደብቅዎት አልፈልግም። «አበደሽ?» አልኳት።

«አንቺ ሄደሽ የለ?»

«እኔ የሄድኩት አንቺ እንዳትሄጂ ነው!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። አውቃለሁ። ግን እዚህ ምን ልሁን? እዚያ አልበቃሽም ተባልኩ፤ እዚህ የተመለሰችው ተባልኩ።»

ለመንኳት። ወገቤን ገልጬ አሳየኋት። በእኔ ላይ የደረሰውን፣ ለአባታችን እንኳ ነግሬ የማላውቀውን ሁሉ ነገርኳት። እያለቀሰች ሰማችኝ፤ ስጨርስ እጄን ሳመችኝና በማግስቱ ሄደች። በክረምቱ ሁሉ ቆርጣ ኖሮ፣ የኔ ለቅሶ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አዲስ አበባ ደርሳ ኤጀንሲው ዘንድ በገባች በሳምንቱ ደወለች። እኔ ያንን አዳራሽ አውቀዋለሁ። ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ይደረደራሉ፤ አሠሪዋ ወይም ወኪሏ እየዞረች ፊታቸውንና እጃቸውን ታያለች፤ «ይህቺ» ካለች ተመረጡ ማለት ነው። መካነ ሰላም የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአባትን ሥራ የሚጠይቅ የለም። እዚያ ጉልበት እንጂ ሰው ስለማይፈለግ፣ ምርጫው ከእናንተ ይልቅ ግልጽ ነው። ሩፋይዳ ስትደውል ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበር፤ ያን ድምፅ ከሰማሁት ዓመት አልፎኛል።

«እትዬ፣ ተመረጥኩ!» አለችኝ። «ወላሂ፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው!»

ደስ ብሏት ነበር፣ ክብርት ሆይ። የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ልጄ የሰው ቤት ለማጽዳት ስትመረጥ እንዲህ ደስ እንዲላት ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁና፣ ይህንን ውለታ በምን እንደምመልሰው አላውቅም። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ከሄደች ወዲህ ስልኳ አንዳንዴ ይሠራል። እመቤቲቱ ስልክ እንደማትወድ ነግራኛለች። ሙሉሐረግ በበዓሉ እረፍት መጥታ ነበር። በራችን ላይ ብዙ ቆማ ኖሮ ገባች፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም ምሳ አቀረብኩላት። ስትወጣ፣ በሚመጣው ምርጫ ከነባር እህቶች ጋር ጠረጴዛ ላይ እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። «እኔ ካለሁበት እንዲህ አይሆንም» አለችኝ። ሌላ የገጠር ልጅ ብትመጣ ታስገባት እንደሆነ ጠየቅኋት። ራሷን አቀርቅራ፣ «ድምፄ አንድ ብቻ ነው፣ እትዬ ሰብሪያ» አለች። እንግዲህ ማኅበርዎ በጥሩ እጅ ላይ መሆኑን በዚህ ይወቁ።

ይቅርታ እንዲጠይቁን አልፈልግም፤ ይቅርታ የሚጠየቅባት ልጅ እዚህ የለችም። አዳራሹንም ክፈቱ አልልም፤ እንደማትከፍቱት አውቃለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ማኅበርዎ እንዲሰፋ፣ ልጅ ካለዎትም በሰው አገር ደጅ ቆማ «እስቲ እዩኝ» የማትል እንድትሆን እየተመኘሁ፣ ለከበረው ወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

የሩፋይዳ ታላቅ እህት፣
የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረችው፣
ሰብሪያ ሷሊህ
ከመካነ ሰላም (ገዳም አይደለም)

ከፊርማ በኋላ የታሰበኝ፦ ማኅበርዎ በመጪው ክረምት «እህት ለእህት» በሚል በጎ ፈቃደኞችን ወደ ገጠር ወረዳዎች ሊልክ መሆኑን፣ የእኛም ወረዳ እንዳለበት፣ እርስዎም አብረው እንደሚመጡ ሰማሁ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከደረሳችሁ ሸህ ሷሊህ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያሳያችሁ የለም። አባቴ ተነሥተው ይቀበሏችኋል። ሩፋይዳ «እዚያ ያሉት ልጆች እንደ እህት ያዙኝ» ብላ ስለነገረቻቸው፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሁልጊዜ ለእናንተ ዱዓ ያደርጋሉ። በፊታችሁም ማድረጋቸው አይቀርም። እውነቱን አይንገሯቸው፤ አርጅተዋል። እጃቸውን ሲያነሡ ብቻ፣ ክብርት ሆይ፣ ከቻሉ አሚን ይበሉ።